ጣት የማያልፍበት ቀዳዳ

ጡረታ የወጣው ሥራው ነው፤ እኔ ገና ወጣት ነኝ። ስለዚህ የሥራ ዘመን ትዝታ ልጽፍ ስቀመጥ ትንሽ አፍራለሁ። ግን ያንን ሥራ በከተማችን የሚያውቀው ሰው እምብዛም ነው፤ እኔም ካልጻፍኩት ማን እንደሚጽፈው አላውቅም።

ባለፈው ወር ለገሃር አካባቢ አዲስ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ስልክ የአማርኛ ጽሑፍን ጮክ ብሎ እንዲያነብ የሚያደርግ ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ነው። የእኔ ድርሻ ስልኩ ሲያነብ እየሰማሁ ስሕተቱን መልቀም ነው። ጽሑፉን ደህና አድርጎ ያነባል፤ ስዕል ጋ ሲደርስ ግን «ምስል» ይልና ያልፋል። መጀመሪያ ስሰማው እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ባልደረቦቼ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ጠየቁኝ። «ማተሚያ ቤት» አልኩና ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ። ሰው በተሰበሰበበት ረዥም ነገር መናገር አልችልም። ያን ጊዜ ልሰጥ ይገባኝ የነበረው መልስ ይኸው ነው፦ ሥራዬ ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች የሳይንስ ስዕል መሥራት ነበር።

ፊዚክስ ተምሬ እንደተመረቅኩ የተቀጠርኩት ቄራ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የላቦራቶሪ ረዳት ተብዬ። ርዕሰ መምህሩ ዕቃ እንዳይሰበርባቸው ስለሚፈሩ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። ተማሪዎቹ ማይክሮስኮፑን የሚያውቁት በመስኮት ነው። እኔም ብዙ ጊዜ አብሬያቸው በመስኮት አያለሁ። ከዚያ ወጥቼ ካዛንቺስ ውስጥ ድሮ የሰው መኖሪያ በነበረ ግቢ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የብሬል ማተሚያ ማዕከል ሄድኩ። ማዕከሉ የሳይንስ መጽሔት ያወጣል፤ በወረቀት ላይ በተነሡ ነጥቦች የተጻፈ፣ በጣት የሚነበብ። የሚላከውም በየክፍለ ሀገሩ ላሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎችና መምህራን ነው።

ለቅጥር የጠየቁኝ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰብለና አዘጋጁ ጋሼ ወርቅነህ ናቸው። ጋሼ ወርቅነህ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ብዙ ዘመን አማርኛ አስተምረዋል። ወይዘሮ ሰብለ ዲግሪዬን ሲያገላብጡ እሳቸው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ፊዚክስ ነው የተማርሽው?»

«አዎ።»

«እስቲ ጨረቃን ንገሪኝ።»

«ጨረቃ ነጭ ናት፤ ክብ ሆና…»

«ነጭ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?»

ወይዘሮ ሰብለ ሰዓታቸውን ሲያዩ አየኋቸው። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ «ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ፊትዎ ይሞቃል፤ ጀርባዎን ግን ይበርድዎታል። ጨረቃም እንደዚያው ናት። ሁልጊዜ አንዱ ጎኗ ብቻ ነው የሚሞቀው። እኛ አንዳንዴ ከፊቷ፣ አንዳንዴ ከጎኗ ስለምንሆን ነው ግማሽ የምትመስለን።»

ጋሼ ወርቅነህ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ። «ይኸን ያህል ዘመን ኖሬ ግማሽ ጨረቃ የሚሉት ነገር ዛሬ ገባኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ደመወዙን ሰብለ ትነግርሻለች፤ አትደንግጪ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ግን ገባሁ።

የማተሚያ ማሽኑ የሳሚ ነበር። ማለቴ ማሽኑ የማዕከሉ ነው፤ ሳሚ ግን ሰው እንዲነካበት አይፈልግም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ፕሮፌሰር» የሚል ስም አወጣልኝ። ሌላዋ እሌኒ ናት፤ የእኔ እኩያ፣ ዓይነ ስውር፣ ሁለተኛዋ አራሚ። በቃ፣ ሰዎቹ እነዚህ ናቸው።

የማዕከሉ ትልቁ ሕግ ለየብቻ ማንበብ ነው። እያንዳንዱን ገጽ ጋሼና እሌኒ በተለያየ ክፍል ሆነው ያነባሉ። ሁለቱም ሳይጨርሱ አይነጋገሩም። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ስሕተቱ የወረቀቱ ነው። አንዳቸው ብቻ ከቆሙ ደግሞ ጣትም ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ይታያል። የሳሚ ፈተናም እዚህ ላይ ነበር። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ወሬ እንዳያመላልስ ተከልክሎ ስለነበር «እኔ ድንበር ጠባቂ ነኝ» ይል ነበር።

ጋሼ ለማንበብ ሲዘጋጁ ማየት እወድ ነበር። እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ ጥንቅቅ አድርገው ያደርቃሉ፣ ከዚያ ጣቶቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው እስኪሞቁ ይጠብቃሉ። የቀዘቀዘ ጣት ይዋሻል ባይ ናቸው። የሚያነቡት በግራ እጃቸው ነው። «ቀኜ የምሳዬ፣ ግራዬ የፊደሌ» ይላሉ፤ ወጥ የነካው ጣት ነጥቦቹን ያቆሽሻል። የማይገባቸው ቦታ ሲደርሱ «ቆይ» ይላሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ከዚያ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳሉ።

ስዕል የምንሠራበት ወረቀት የተለየ ነው። በጥቁር ቀለም የታተመበት መስመር በማሞቂያ ውስጥ ሲያልፍ ያብጥና ከወረቀቱ በላይ ይነሣል። ቀላል ይመስላል። እኔም መጀመሪያ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ስዕል እንዳለ አነሣለሁ ብዬ አስቤ ነበር። የሰው ሴል ስዕል ሠርቼ ለእሌኒ ሰጠኋት። ብዙ ዳሰሰችው።

«ሂሩት፣ ይኸ ገበያ ነው እንዴ?»

«ሴል ነው።»

«ሁሉም አንድ ላይ ይጮሃል። ማንን ልስማ?»

ዓይን ሁሉን ባንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ጣት ግን ነገሮችን የሚያገኛቸው አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ ከስዕል ላይ መቀነስ ተማርኩ። እያንዳንዱ መስመር ለምን እንዳለ መልስ ሊኖረው ይገባል። ለዛሬው የሴሉ ሽፋን ብቻ፣ በሚቀጥለው ገጽ እምብርቱ፣ ቀጥሎ ሁለቱ አንድ ላይ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ፊዚክስ ግማሹን በደንብ የተረዳሁት እንደዚህ ስቀንሰው ይመስለኛል።

የምንጽፈው በዓለም ላይ ስለሚወጣው የሳይንስ ዜና ነው፤ ስለ ግኝቱም ስለ ክርክሩም። ለእያንዳንዱ ዜና ጋሼ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ «ማን ነካው?» የትኛው መሣሪያ የትኛውን ነገር እንደነካ ሳላውቅ መጻፍ አይፈቀድልኝም። አንድ ጊዜ ዛፎች ከመሬት በታች በፈንገስ ክር ይነጋገራሉ፣ እናት ዛፍ ልጆቿን ትመግባለች የሚል ነገር በደስታ ጽፌ አመጣሁ። «ማን ነካው?» አሉኝ። ሄጄ ሳነብ ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። በአንድ ወገን፣ በክሮቹ በኩል የሚተላለፍ ነገር ተለክቷል። በሌላ ወገን ደግሞ በእውነተኛ ጫካ ውስጥ ስንቱ በክሩ፣ ስንቱ በአፈሩ እንደሚሄድ ለይቶ ያወቀ የለም የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። አዝኜ ነገርኳቸው።

«ምን ያሳዝንሻል? ክርክሩን ራሱን ጻፊው» አሉኝ። «ሰው ጨለማ ውስጥ ሲዳስስ ማየት ከዚህ በላይ አለ?»

ሌላ ጊዜ፣ ሁለት ብላክ ሆሎች ሲጋጩ ኅዋ ራሱ ተናውጦ መናወጡ ምድር ላይ እንደተለካ ጻፍኩ። ብላክ ሆል ማለት ብርሃን እንኳ ገብቶ የማይወጣበት፣ እጅግ የታመቀ የሰማይ አካል ነው።

«በምን ነኩት?»

«በጨረር ነው፣ ጋሼ። ርዝመታቸው ኪሎ ሜትሮች በሆኑ ቱቦዎች ውስጥ ጨረር ይመላለሳል። መናወጡ ሲያልፍ የቱቦዎቹ ርዝመት ከአቶም እምብርት ባነሰ መጠን ተለወጠ።»

«እሱን ለኩት?»

«ለኩት።»

ጋሼ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እስከ ምሳ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ። ሳሚ በበሩ አንገቱን አስግጎ አየና በእግሩ ጫፍ ተመለሰ።

ከዚያ የብላክ ሆሉ ስዕል መጣ። እኔ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ የበለጠው እሱ ነው። ብርቱካንማ ቀለበት ነው፤ መሃሉ ጨለማ፣ አንዱ ጎኑ ከሌላው የደመቀ። እንዴት እንደተሠራ ለጋሼ ሳስረዳቸው በተለያዩ አህጉሮች ያሉ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች እንደ አንድ ሆነው እንደሠሩ ነገርኳቸው። የተቀበሉት ዓይን የሚያየው ብርሃን አይደለም፤ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ስዕሉን በስሌት የሠሩት ኮምፒውተሮች ናቸው። ብርቱካንማውን ቀለምም የመረጡት ሰዎች ናቸው።

«ቆይ» አሉ። «ዓይን ያለውም ሰው አላየውም ነው የምትይኝ?»

«ማንም አላየውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ እኩል ነን።»

ሳሚ ከማሽኑ ጀርባ፣ «እኩል ከሆንን ደመወዙም እኩል ይሁንልን» አለ።

ሌላም ነገርኳቸው። ስዕሉን ያወጡት ሰዎች መጀመሪያ በቡድን ተከፋፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ሌላው ምን እንዳገኘ ሳያውቅ ሠርቶ፣ በኋላ ሲያስተያዩ ሁሉም ቀለበት አገኙ። ማየት የሚፈልጉትን እያዩ እንዳይሆን ፈርተው ነው። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ቀጥ አሉ። «እሌኒ! ነይ ስሚ። እነሱም ለየብቻ ነው የሚያነቡት።» በኋላ ደግሞ ስዕሉን እንደገና ተንትነው ቀለበቱን የተጠራጠሩ፣ ለእነሱም መልስ የሰጡ ነበሩ። ጋሼ በዚህም ደስ አላቸው። ለእሳቸው ጥርጣሬ የንባቡ ቀጣይ ዙር ነው።

የወደቅነው በዚሁ ስዕል ላይ ነው። መሃሉን ምን ላድርገው? ባዶ ከተውኩት ተራ ወረቀት ይሆናል፤ ካነሣሁት ኮረብታ ይመስላል። ጋሼ በዚያ ሳምንት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ መጽሔቱ ደግሞ መውጣት ነበረበት። «ለምን መሃሉን ቀዳዳ አናደርገውም?» አልኩ። ቀለበቱን በሚያብጥ መስመር ሠርተን መሃሉን በእውነት ቀደድነው። ሳሚ ሐሳቡን በጣም ወደደው፤ የወረቀት መብሻ ተበድሮ አመጣ። እሌኒም ዳሰሰችና አሪፍ ነው አለች። ሁለተኛ አንባቢ አልነበረም።

መጽሔቱ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ደወሉ። ወይዘሮ ሰብለ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉት።

«መጋዘናችሁን ፈትሹ» አሉ መምህሩ። «አይጥ ገብቶባችኋል። ግን አታስቡ፣ ልጆቹ እንዳይቀርባቸው ብለን ቀዳዳውን ሁሉ ወረቀት እየለጠፍን ደፍነነዋል።»

ሳሚ ከሳቁ ብዛት ወደ ግቢው ወጣ። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር። ጋሼ ከሆስፒታል እንደተመለሱ ገጹን ሰጠኋቸው። ቀለበቱን ዞሩት። ከዚያ ጣታቸውን መሃሉ ውስጥ ከተቱት፣ አወጡት፣ እንደገና ከተቱት።

«ጣቴ ገብቶ ወጣ» አሉ። «ከዚያ ገብቶ የሚወጣ ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ተቃራኒውን ነው ያስተማርናቸው።»

በቁጣ አልተናገሩም። ግን ያን ገጽ ይዞ የሚያነብ ልጅ ሁሉ ጣቱን እያስገባ እያወጣ ብላክ ሆል ይህ ነው ብሎ ሲያምን ታየኝ፤ ሳቄም ቆመ። እንደገና ለማተም ወረቀት አልነበረም። ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ተወዷል። ወይዘሮ ሰብለ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚያስተዳድሩት ብዙ ጣጣ አለባቸው። የስዕል ገጾች «ለጊዜው» ይቁሙ አሉ። ለጊዜው የተባለው ነገር ሳይነሣ ቀረ።

ቀጥሎ ካዛንቺስ ፈረሰ። ማዕከሉ ወደ ቂርቆስ ወርዶ አንድ ሕንፃ ላይ ጠባብ ክፍሎች ተከራየ። ጋሼ የድሮውን ሠፈር በእግራቸው ያነቡት ነበር፤ የትኛው ጋ ድንጋይ እንደተነቀለ፣ የትኛው ጋ ዳቦ ቤቱ እንደሚሸት። አዲሱን መንገድ ሰፊና ልሙጥ ሆኖ አገኙት። «ፊደል የሌለው ገጽ» ነበር ያሉት። መጽሔቱም ወደ ድምፅ ይለወጥ ተባለ። አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለው፤ በድምፅ ይሰማል፤ ነጥብ ማን ያነባል? ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ድምፁን የሚመርጡ አንባቢዎችም ብዙ ነበሩ። እሌኒ ራሷ ዜና በስልክ ነው የምትሰማው። «ቃል እንዴት እንደሚጻፍ የምማረው ግን በጣቴ ነው» ትላለች።

በዚህ መሃል እሌኒ የምታገኛቸውን ስሕተቶች ጋሼ ማለፍ ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት አራት። ሁላችንም ዝም አልን። አንድ ጠዋት እጃቸውን ታጥበው፣ አሙቀው፣ ገጹ ላይ አሳርፈው ቆዩና እኔና እሌኒ ወዳለንበት ክፍል መጡ።

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔን እርማት አትቁጠሩት» አሉ። «ስኳሩ ጣቶቼን እየወሰዳቸው ነው። ነጥቦቹን ጓንት አድርጌ የምዳስስ ይመስለኛል።»

እሌኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሙሉ በሙሉ ሳይሄዱብኝ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ሂሩት» አሉኝ። «ያንን ስዕል በትክክል ሠርተሽ ስጪኝ። ለመጽሔቱ አይደለም። ለእኔ።»

ሐኪሙ ጣቶቹ የቀራቸውን ስሜት እስከ መቼ እንደሚይዙ አላወቀም። ስለዚህ ሌሎች ሥራዎቼን አቆየሁ። ለእሳቸው ጣት የሚያብጠው መስመር ከእንግዲህ አይበቃም። ወፍራም ገመድ ገዛሁ። ቀለበቱን በገመድ ሠርቼ፣ ደማቁ ጎን ላይ ገመዱን ደራርቤ አወፈርኩት። ከቀለበቱ ውጭ ያለውን ካርቶን በአሸዋ ወረቀት ሸፈንኩት። የቀረው መሃሉ ነው። ጣት የማያልፍበት፣ ግን ምንም የማይገኝበት ነገር ከየት ይመጣል? ሳምንቱን ሙሉ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ መስተዋት ሞከርኩ። መስተዋቱ ጠርዙ ይቆርጣል፤ ጨርቁ ክር አለው፤ ክር ደግሞ የሆነ ነገር ነው።

ሳሚ ቆሞ ሲያየኝ ቆይቶ ወጣ። ሲመለስ አንድ ትልቅ የራጅ ፊልም ይዟል፤ እግሩ ተሰብሮ የነበረ ጊዜ የተነሣው ነው።

«ከዚህ የለሰለሰ ነገር አላውቅም፣ ፕሮፌሰር። ቁረጪው።»

«ስብራትህን?»

«ድኗል እኮ። ከፈለግሽ ብላክ ሆል ይሁን።»

ፊልሙን በክብ ቆርጬ ከገመዱ ውስጥ ለጠፍኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። አሸዋው ይቧጥጣል፣ ገመዱ ይነሣል፣ ከዚያ ጣቴ ድንገት የሚይዘው ነገር ያጣል። በር አልነበረም፤ ማለፊያ የለውም። ነገርም አልነበረም። ይህን ስዕል በኮምፒውተር ስንት ጊዜ አይቼው እንደነበር አላውቅም፤ እንደዚህ ግን አልተሰማኝም ነበር።

በማግስቱ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ብብታቸው ውስጥ አሞቁ። ግራ እጃቸውን ከዳር አስቀመጡ።

«ይኸ አሸዋ ነው። ይሰማኛል። ይኸ ቀለበቱ።» ቀስ ብለው ዞሩት። «እዚህ ጋ ለምን ወፈረ?»

«ጋዙ ብላክ ሆሉን እየዞረ ወደ እኛ የሚሮጥበት ጎን ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ይደምቃል፤ ሲርቅ ይፈዛል።»

«ቆይ።» ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ እንደገና ዞሩት። «ይሮጣል» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ጣታቸው ገመዱን ተሻግሮ ወደ መሃል ወረደና ቆመ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሂሩት፣ እዚህ ምንም የለም? ወይስ ጣቴ ነው?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ቀኝ እጃቸውን አነሡ። «አትንገሪኝ። እሌኒን ጥሪያት፤ እኔ ምን እንዳልኩ እንዳትነግሪያት።»

ወጥተው ኮሪደር ላይ ቆሙ። ሳሚ ያለ ትእዛዝ በሩ ላይ ቆሞ ድንበሩን ጠበቀ። እሌኒ ገባች፤ የሰጠኋትን ካርቶን ዳሰሰች፤ አሸዋውን፣ ገመዱን፣ ውፍረቱን። መሃሉ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ሂሩት» አለች በዝግታ፣ «እዚህ ጋ ጣቴ ምን ሆነ?»

በሩን ከፈትኩ። ጋሼ ሰምተዋል። ገብተው ተቀመጡና እጃቸውን በእሌኒ እጅ አጠገብ፣ መሃሉ ላይ አሳረፉ። የታመመው ጣትና ጤነኛው ጣት ጎን ለጎን ነበሩ።

«አንቺም ምንም አልተሰማሽም?» አሏት።

«ምንም።»

«እንግዲያው በትክክል እያነበብኩት ነው» አሉ።

ከታች የታክሲ ረዳቶች «ጎተራ፣ ጎተራ» ሲሉ ይሰማል። ጋሼ እጃቸውን አላነሡም። ማንም ያላየው፣ ከእኛ በብርሃን ጉዞ እንኳ ስንት ሚሊዮን ዓመት የሚርቅ ነገር በሳሚ የራጅ ፊልም ላይ ከጣታቸው ሥር ነበረ፤ እሳቸው ደግሞ ሳይስቱ ያነቡት ነበር።

ወደ ማታ ካርቶኑን ወደ ቤታቸው ሊወስዱ ፈለጉ። ሚኒባስ ውስጥ አብሬያቸው ገባሁ። ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይጠብቁታል። ከጎናቸው የአትክልት ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር።

«ምንድነው የያዙት፣ አባቴ?» አሏቸው።

«ይንኩትና ይንገሩኝ።»

ሴትየዋ ወደ እኔ አዩ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጣታቸውን አሳረፉ።

«አሸዋ… ገመድ ነው… ኧረ ይኸስ?» ጣታቸው መሃሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለና ቆመ። «እዚህ ምንም የለም እኮ።»

ጋሼ ወርቅነህ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«እሳቸውም ለብቻቸው ነው ያነበቡት» አሉኝ።